«አልመጣም» ያለው ማን ነው?

«አልመጣም» የሚል መልእክት ደረሰ እንበል። አምስት ፊደል ነው። «ጣ» ጠብቃ ከተነበበች አንድ ሌላ ሰው ቀርቷል፤ ላልታ ከተነበበች ግን የምትቀረው ላኪዋ ራሷ ናት። ፊት ለፊት ቢሆን ይህ የሚምታታበት ሰው የለም፤ ምላስ «ጣ»ን ረገጥ ካደረገ አንድ ነገር፣ ሳይረግጥ ካለፈ ሌላ ነገር። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ድምፁ ሲቀር ልዩነቱም አብሮ ይቀራል።

አብዛኛውን ጊዜ ዙሪያው ያድነናል። «ዮናስ መጣ?» ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ የሚመጣ «አልመጣም» አያጠራጥርም። ጣጣው የሚጀምረው ቻቱ ሲፈጥን ነው፦

— ዮናስ ደረሰ እንዴ
— ደግሞ የነገውን ስብሰባ እንዳትረሺ፣ 3 ሰዓት ነው
— አልመጣም

እሷ የመለሰችው ለመጀመሪያው ነው። እሱ ያገናኘው ከመጨረሻው ጋር ነው። «ምክንያት እንኳ ልትነግረኝ አልፈለገችም» ብሎ ይቀየማል፤ እሷ በር በሩን እያየች ዮናስን ትጠብቃለች። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስብሰባው ውስጥ ሲያያት ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት። «አልሰማም» ያው ነው፦ ወይ ወሬው ገና አልደረሰውም፣ ወይ ላኪው «ጆሮዬን አልሰጥም» እያለ ነው። «አልበላም»ም እንዲሁ።

መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፦ «እሱ አልመጣም»፣ «እኔ አልመጣም»። ስናወራ «እኔ» እና «እሱ»ን የምንተዋቸው ግሱ ራሱ ማንነቱን ስለሚሸከምልን ነው፤ ጥሩ ልማድ ነው፣ ንግግርን ቀለል ያደርጋል። መልእክት ላይ ግን እነዚህን ሦስት ግሶች ስትጽፉ ባለቤቱን አትዝለሉት። ወይም ሪፕላይ የምትለዋን ተጠቀሙ። የሚመለስለትን መልእክት ወደ ጎን ሳብ ማድረግ ብቻ ነው፤ መልሱ የጥያቄውን ቁራጭ ከላዩ ተሸክሞ ይሄዳል። ሁለት ጥያቄ በተከታታይ ለቀረበለት ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም፤ ያም ሆኖ ብዙ ሰው ግሩፕ ውስጥ ካልሆነ አይነካውም።

በላቲን ፊደል አማርኛ መጻፍ የለመዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ፈጣን ነው፣ ኪቦርድ መቀየርም የለበትም። ግን «ተ» እና «ጠ»፣ «ከ» እና «ቀ» በአንድ ዓይነት ፊደል ይወጣሉ። «መጥቶ ሄደ» እና «መትቶ ሄደ» መልካቸው አንድ ይሆናል፤ አንዱ እንግዳ ነው፣ ሌላው ለፖሊስ የሚነገር ጉዳይ። የቸኮለ መልእክት በላቲን ቢጻፍ ምንም አይደለም። የሰው ስም፣ የጤና ወሬና የገንዘብ ጉዳይ ያለበት ግን በፊደሉ ይጻፍ።

የጥያቄ ምልክትም የዚሁ ዘመድ ነው። «ትመጫለሽ» ብቻውን ሲጻፍ ጥያቄም፣ ትእዛዝም፣ ትንቢትም ሆኖ ይነበባል። በአፍ ከሆነ መጨረሻው ላይ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አለቀ። ኪቦርድ ላይ ግን የጥያቄ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ገጽ ላይ ስለሚቀመጥ ጣት ይሰንፋል። ኪቦርድ መቀየር ለሚሰለቸው ሰው ቋንቋው ራሱ መላ አለው፦ «ትመጫለሽ ወይ» ያለ ምልክትም ጥያቄ ነው። «ትመጫለሽ እንዴ» ደግሞ ጥያቄ ላይ ትንሽ መገረም ይጨምራል፤ መገረሙ ካልተፈለገ «ወይ» ይሻላል።

(ስለ ቋንቋው ካነሳን አይቀር፦ አማርኛ አንተንና አንቺን ስለሚለይ ለኮፒ ፔስት አይመችም። ለወንድ ተጽፎ ለሴት የተላከ ይቅርታ አንድ የተረሳች «ህ» ታሳብቅበታለች። ያን ይቅርታ ማዳን አይቻልም።)

የሆሄው ጣጣ ግን ትንሹ ነው። ትልቁ የሚጽፈው ሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ሰው ሲጽፍ ራሱን ይሰማል። ቀልዱን በቀልድ ድምፅ፣ ልመናውን በለስላሳ ድምፅ እየሰማ ይጽፈዋል፤ ከዚያ ድምፁ አብሮ የተላከ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው ሙከራ ይህን በጣት ያሳያል። አንዱ ሁሉም የሚያውቀውን ዜማ በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ ሌላው የትኛው ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ ግማሹ ይታወቃል ብለው ነበር። ከ120 ዜማ የታወቀው 3 ብቻ ነው። መቺው ጭንቅላቱ ውስጥ ሙሉ ኦርኬስትራ ይዟል፤ ሰሚው የሚሰማው ቋ፣ ቋ፣ ቋቋ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ወደ ኢሜይል ወሰዱት። ተሳታፊዎቹ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከልብ፣ አንዳንዱን በሽሙጥ አድርገው ለሌላ ሰው ላኩ። ተቀባዩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለያል። በድምፅም ተላከ በጽሑፍ፣ ላኪዎቹ የጠበቁት ወደ 78 በመቶ የሚሆነው በትክክል ይለያል ብለው ነው። በድምፅ ሲሆን 73 በመቶ ተለየ፤ በጽሑፍ 56 በመቶ። ምርጫው ሁለት ብቻ ስለሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቲም የሚወረውር ሰው እንኳ 50 ያገኛል። ሽሙጥ በቴክስት መላክ ማለት እንግዲህ ከሳንቲም ውርወራ ትንሽ የተሻለ ነገር ነው። በድምፅ ስንነጋገር ግምታችን ከእውነቱ ብዙም አለመራቁን ልብ በሉ፤ የተሳሳትነው በጽሑፍ ላይ ያለን መተማመን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከመንገድ ላይ ላንሳ። በየሥልጠናው የሚነገረው «ከመልእክት 7 በመቶው ቃል፣ 38 በመቶው ድምፅ፣ 55 በመቶው የፊት ገጽታ ነው» የሚለው ቁጥር ለዚህ ማስረጃ አይሆንም። አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካወጣቸው ጥናቶች የተቀዳ ነው፤ ጥናቶቹ የሚያዩት ደግሞ ስሜትን ስለሚገልጹ ነጠላ ቃሎችና ቃሉና ድምፁ ወይም ፊቱ ሲጋጩ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ነው። «አውቶቡሱ 2፡30 ይነሳል» በሚለው መልእክት ውስጥ ቃሉ ሰባት በመቶ አይደለም፤ ሁሉም ነገር ቃሉ ነው።

አሁን ወደ «እሺ» እንምጣ፤ ብዙ ቤት ያናጋች ቃል ናትና። «እሺ» ስምምነት ናት። «እሺሺ» ለብዙ ወጣት ደስታ ያለባት ስምምነት ናት። «እሺ እሺ» ወይ ጥድፊያ ነው ወይ «ገብቶኛል፣ በቃ»። «እሺ..» የሆነ ነገር ቀርቶባታል። አራት ነጥብ የተጨመረባት «እሺ።» ደግሞ ለአባት የተሟላ አጻጻፍ ናት፣ ለልጅ በር ዘግቶ መሄድ። ይህ የልጆች ማካበድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ለ126 ተማሪዎች አጫጭር የቴክስት ምልልሶችን አቅርበው ነበር። ያው የአንድ ቃል መልስ ነጥብ ሲኖረው ከልብ እንዳልሆነ ተቆጠረ። በእጅ በተጻፈ ማስታወሻ ላይ ግን ነጥቡ ምንም አላመጣም። ምክንያቱን መገመት አይከብድም፦ ቴክስት ላይ የላክ ቁልፉ ራሱ ዓረፍተ ነገሩን ይዘጋዋል፣ ስለዚህ ነጥቡ ሥራ ፈት ይሆንና ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ለወጣቶች ያ ሥራ ቁጣ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ወጣቶች ሥርዓተ ነጥብ አልተማሩም የሚለው ወቀሳ ስህተት ነው፤ እንዲያውም ከታላላቆቻቸው በበለጠ ጥንቃቄ ይጠቀሙበታል፣ ሕጉ ሌላ ሆኖ እንጂ። ጭቅጭቁ ሁለት ሕግ ያላቸው ሰዎች አንድ ቻት ውስጥ ሲገቡ የሚመጣ ነው።

ከቃሉና ከነጥቡ በላይ ደግሞ መተግበሪያው ራሱ የሚናገረው አለ። ራይቶቹ (ከመልእክቱ ጥግ የሚወጡት የ✓ ምልክቶች)፣ «ኦንላይን»፣ «እየጻፈ ነው…»፣ ላስት ሲን (ሰውየው መጨረሻ የታየበት ጊዜ)። እነዚህን ማሽኑ ነው የሚያወጣቸው፤ እኛ ግን እንደ ፊት ገጽታ እናነባቸዋለን። ብዙ ኩርፊያ የሚነሳው ምልክቶቹ ምን እንደሚሉ በትክክል ካለማወቅ ስለሆነ እዚህ ቆም ብሎ ማየቱ ያዋጣል።

ዋትስአፕ ላይ አንድ ግራጫ ራይት ማለት መልእክቱ ከእናንተ ወጥቷል፣ የተቀባዩ ስልክ ላይ ግን ገና አልደረሰም ማለት ነው። ስልኩ ጠፍቶ፣ ዳታ ተዘግቶ፣ ወይም ብሎክ ተደርጋችሁ ሊሆን ይችላል፤ ራይቱ ሦስቱን አይለይም። ሁለት ግራጫ ስልኩ ላይ ደርሷል ነው። ሁለት ሰማያዊ ቻቱ ተከፍቷል ነው። ግሩፕ ውስጥ ከሆነ ሰማያዊ የሚሆነው ሁሉም ሲከፍቱት ነው። ማን እንዳነበበ ለማየት መልእክቱን ተጭኖ ይዞ መረጃውን መክፈት ይቻላል። ማንበቡ እንዳይታወቅበት ሰማያዊውን ያጠፋ ሰው የሌላውንም ማየት ያቆማል፣ ግሩፕ ላይ ግን ማጥፊያው አይሠራም።

ቴሌግራም ሌላ አገር ነው። እዚያ አንድ ራይት መልእክቱ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ገብቷል ማለት ነው፣ ሁለት ራይት ተነቧል ማለት ነው። «ስልኩ ላይ ደርሷል» የሚል መካከለኛ ደረጃ የለውም። አሁን ዋትስአፕ የለመደ ሰው ቴሌግራም ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ራይት ሲያይ «ስልኩን አጥፍቷል» ወይም «ብሎክ አድርጎኛል» ይላል፤ እውነቱ ግን ሰውየው መልእክቱን ገና አልከፈተውም፣ ያ ብቻ። በተቃራኒው ቴሌግራም የለመደ ሰው ዋትስአፕ ላይ ሁለት ግራጫ ሲያይ «ሲን አድርጎ ዝም አለኝ» ይላል። ያልተነበበ መልእክት መልስ ስላላገኘ ጓደኝነት ይሻክራል።

ላስት ሲንም እንዲሁ። ቴሌግራም ላይ ላስት ሲኑን የደበቀ ሰው «በቅርቡ ታይቷል» ተብሎ ይወጣል፤ ይህ «በቅርቡ» ከአሁን እስከ ሦስት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። «በዚህ ሳምንት» ከሦስት እስከ ሰባት ቀን፣ «በዚህ ወር» ከሰባት ቀን እስከ አንድ ወር። «ከረጅም ጊዜ በፊት» ከወር በላይ ነው፤ ብሎክ የተደረገ ሰውም ሁልጊዜ ይኸንኑ ያያል። ስለዚህ ደህና የሚጽፍላችሁ ሰው «በቅርቡ» የሚል ስለታየበት ሌሊቱን ሙሉ ኦንላይን ነበር ብሎ መክሰስ አይቻልም። «ኦንላይን» ማለትም መተግበሪያው ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከማን ጋር፣ ለምን፣ አይልም። ስልክ ከፍቶ የቤት ሥራ ፋይል የሚያወርድ ልጅም ኦንላይን ነው።

«እየጻፈ ነው…» ብቅ ይልና ይጠፋል፣ እንደገና ብቅ ይላል። ተቀባይዋ «ሊነግረኝ ፈልጎ ተወው» ትላለች። ምልክቱ የሚወጣው ጣት ኪቦርዱን ሲነካ ነው፣ መንካት ሲያቆም በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ፊደል ያረመ፣ ሌላ መልእክት ሊያይ የወጣ፣ ማስነጠስ የመጣበት ሰው ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። በርግጥ አንዳንዴ የሚያመነታ ሰውም ነው። ግን ከምልክቱ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ የወጣቶቹ ልማድ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሲን ላለማድረግ ሲሉ ቻቱን ሳይከፍቱ ከላይ ከሚወርደው ኖቲፊኬሽን ያነባሉ። ጎበዝ ዘዴ ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚታየው የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት መስመሮች ብቻ መሆኑ ነው። ልብ ጉዳዩን ከጭራፊው ይወስናል፣ ሙሉውን ሲከፍት ቀድሞ ተናዶ ነው። ስለዚህ አጻጻፉ መገልበጥ አለበት። ይህን ተመልከቱ፦

«ትናንት ስለተነጋገርነው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አንተ ያልከው ነገር በጣም ነው የከነከነኝ፣ ከዚያ ግን ቆይቼ ሳየው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ።»

በኖቲፊኬሽን የሚታየው «…በጣም ነው የከነከነኝ» ድረስ ነው። ልጁ ሊጣላ ተዘጋጅቶ ይከፍተዋል፣ ወይም ጭራሹን አይከፍተውም። ያው ነገር ሲገለበጥ፦ «ይቅርታ፣ ትናንት ጥፋቱ የኔ ነበር። ሌሊቱን ሳስብበት ነው የገባኝ።» ይቅርታ፣ እምቢታ፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ «ደህና ነን» የሚል ቃል ሁሉ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይግባ፤ ማብራሪያው ይከተል። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ረጅም ዓረፍተ ነገር ለዚህ ጉዳይ ክፉ ጠላት ነው። ቁረጡት።

ተቃራኒው ልማድ ደግሞ አንዱን ሐሳብ አምስት ቦታ ቆራርጦ መላክ ነው። «ስሚ»። ዝም። «አንድ ነገር»። ዝም። «ልነግርሽ ነበር»። ስልኩ በየጊዜው ይጮኻል፣ በየጩኸቱ መሃል ያለውን ክፍተት ተቀባይዋ በራሷ ፍርሃት ትሞላዋለች። በመጨረሻ የሚመጣው «ቻርጀርሽን ዛሬ ልዋስ?» ነው። ብቻውን የተላከ «ሰላም»፣ ብቻውን የተላከ «የት ነህ»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በምሽት ብቻውን የተላከ «እንነጋገር» እንዲህ ናቸው። «እንነጋገር» ለሚልክ ሰው አንድ ውለታ ልጠይቅ፦ ስለ ምን እንደሆነ ጨምሩበት። «ስለ ቅዳሜው ጉዞ ነገ እንነጋገር» የሚል መልእክት ማንንም እንቅልፍ አይነሳም።

ኢሞጂ ይህን ሁሉ ያቃልላል ተብሎ ነበር የመጣው፣ በከፊልም አቅልሏል። ሺገታካ ኩሪታ እ.ኤ.አ. በ1999 ለጃፓኑ የሞባይል ኩባንያ ኤንቲቲ ዶኮሞ የሠራቸው 176 ሥዕሎች እያንዳንዳቸው በ12 በ12 ነጥብ የተሳሉ ነበሩ። ዛሬ አንዱ ኢሞጂ በአይፎን፣ በሳምሰንግና በሌላው ስልክ መልኩ ይለያያል፤ የሚላከው ሥዕሉ ሳይሆን የሥዕሉ ቁጥር ስለሆነ እያንዳንዱ ስልክ የራሱን ሥዕል ያወጣል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 የሽጉጡን ኢሞጂ የውሃ መርጫ መጫወቻ ሲያደርገው ሌሎቹ በአብዛኛው እስከ 2018 እውነተኛ ሽጉጥ ነበር የሚያሳዩት። በአንዱ ስልክ የተጻፈ ቀልድ በሌላው ስልክ ዛቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ያም ባይሆን፣ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት ሰዎች ያንኑ አንድ ሥዕል እያዩ እንኳ ስሜቱ ደግ ነው፣ ክፉ ነው ወይስ መሃል ነው በሚለው 25 በመቶ ጊዜ አይስማሙም። የራስ ቅል ለወጣቱ «በሳቅ ሞትኩ» ነው፣ ለእናቱ ሞት ነው። የተገጠሙት መዳፎች ልመናም ምስጋናም ጸሎትም ናቸው።

አውራ ጣትስ? ለትልልቆቹ «ደርሶኛል፣ ጥሩ»። ለብዙ ወጣት ቀዝቃዛ መልስ። ለካናዳ ዳኛ ደግሞ ፊርማ ሆናለች። አንድ እህል ገዢ ድርጅት የ87 ቶን ተልባ ውል ፎቶ አንስቶ «እባክህ ውሉን አረጋግጥ» ብሎ ለገበሬው በስልክ ላከ፤ ገበሬው በአውራ ጣት መለሰ። ተልባው በተባለው ጊዜ ሳይመጣ ቀረ፣ ዋጋውም ወጣ። ገበሬው «ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አልነበረም» ብሎ ተከራከረ። የሰስካችዋን ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ከዚህ ቀደም ከነበራቸው የአሠራር ልማድ ጋር አይቶ ስምምነት ነው አለና ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ አስከፈለው። «ደርሶኛል፤ አንብቤ እመልሳለሁ» ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

ሌሊቱን ለብቻው እናንሳው። ስልክ ትራሱ ሥር አድርጎ የሚተኛ ልጅ መልእክቶቹን የሚያነበው በጣም በደከመበት ሰዓት ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ አሻሚውን ወደ ክፉው ያደላል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣቶች የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ የሚመክረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ስናፕቻት ላይ ስትሪክ (ሁለት ጓደኞች ሳያቋርጡ የተላላኩባቸው ቀናት ቆጠራ) ላለማጥፋት በየ24 ሰዓቱ ሁለቱም ፎቶ መላላክ አለባቸው። ጊዜው ሊያልቅ ሲል የአሸዋ ሰዓት ምልክት ይወጣል፣ ልጁም ለሊቱ ሲጋመስ የጣሪያ ፎቶ አንስቶ ይልካል። የጣሪያው ፎቶ ምንም አይልም፤ አለመላኩ ግን «ተውከኝ» ሆኖ ይነበባል። ትርጉም የሌለው ነገር መቅረቱ ትርጉም እንዲኖረው የተደረገበት አሠራር ነው፣ እና በግሌ ከሁሉም የማይወደድልኝ ይኼኛው ነው። ከጓደኛ ጋር «ፈተና ሲያልቅ እንጀምረዋለን» ብሎ ተነጋግሮ ስትሪክን ሆን ብሎ መስበር ለብዙዎች እፎይታ ነው።

ወላጅ «ሌሊት አጥፋው» ሲል ልጅ «ድንገተኛ ነገር ቢመጣስ?» ይላል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ አትረብሽ የሚለው ሴቲንግ ውስጥ አለ፦ የተመረጡ ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ይፈቀዳል፤ ተደጋጋሚ ጥሪ የሚለው ከበራ ደግሞ ያው ሰው በአይፎን በሦስት ደቂቃ፣ በአንድሮይድ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከደወለ ስልኩ ይጮኻል። ቤተሰቡ «የምር ከሆነ ሁለቴ ይደወል» ብሎ ከተስማማ ቴክስቶቹ እስኪነጋ ይቆያሉ። የሚልከውም ሰው ይጠንቀቅ፤ ለሊት ሐሳብ ከመጣ የላክ ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ቴሌግራም ላይ ለጠዋት ቀጠሮ መያዝ ወይም ያለ ድምፅ መላክ ይቻላል።

ስህተት ከተላከ በኋላስ? ዋትስአፕ ላይ ማረም የሚቻለው ለ15 ደቂቃ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ለ48 ሰዓት። ሁለቱም «ታርሟል» የሚል ምልክት ይተዋሉ። ማጥፋት ግን ይለያያል፦ ዋትስአፕ «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል መቃብር ያቆማል፣ ቴሌግራም አሻራውን ያጠፋል። ስለዚህ ዋትስአፕ ላይ ለፊደል ስህተት ብሎ መሰረዝ አይመከርም። የተሰረዘውን ቦታ ያየ ሰው የሚያስበው ነገር ከፊደል ስህተቱ ሁልጊዜ የከፋ ነው።

በተራ ኤስኤምኤስ ለሚጽፉ ደግሞ አንድ ቴክኒካዊ ነገር፦ አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ሲይዝ በግእዝ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። ካለፈ ይከፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚወሰድ እያንዳንዱ 67 ይይዛል። 150 ፊደል ያለው የአማርኛ መልእክት እንግዲህ ሦስት ሆኖ ይጓዛል፣ ሂሳቡም የሦስት ነው። አንዱ ቁራጭ ከዘገየ መልእክቱ ጎዶሎ ሆኖ ወይም ጭራሽ ሳይታይ ይቆያል። አድራሻና ሰዓት ያለበት ኤስኤምኤስ ከ70 አይለፍ።

ቮይስ፣ ማለትም በድምፅ ተቀድቶ የሚላክ መልእክት፣ ብዙውን ያቃልላል። «አልመጣም» በቮይስ አይምታታም። ግን የራሱ ጣጣ አለው፦ በፍለጋ አይገኝም፣ ክፍል ውስጥ ወይም ሰው መሃል አይከፈትም፣ ርዕሱ ከውጭ አይታይም። ወጣቶች ደግሞ በአንድ ተኩል ወይም በእጥፍ ፍጥነት ነው የሚሰሙት። ቀስ ተብሎ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ እየተዋጠ የተነገረ ይቅርታ በእጥፍ ሲሰማ የተገላገለ ሰው ድምፅ ይመስላል። ከደቂቃ ያላለፈ ይሁን፣ ከፊቱም በጽሑፍ «ስለ ትናንቱ ነው፣ ሲመችሽ በእርጋታ ስሚው» የሚል ይቅደመው።

አንዴ ከተምታታ በኋላ የሚደረገውም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ያከራከረውን መስመር በሪፕላይ አንስቶ «ይህን ስታነብ ምን ተረዳህ?» ብሎ መጠየቅ። «እንዴት እንዲህ ትረዳለህ» ወቀሳ ነው፣ ቻቱን ያረዝመዋል። ስክሪንሾት አንስቶ ለሦስተኛ ሰው መላክ አይጠቅምም፤ ስክሪንሾት ከላይ ያለውን መልእክት ይቆርጣል፣ ማስተዋል የሚቻለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ካልጠራ መጻፉን አቁሞ መደወል። ብዙ ወጣት ያልጠበቀው ጥሪ ያስደነግጠዋል፣ ሳያነሳም ይቀራል፣ ያ ደግሞ እንደገና ንቀት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ከመደወል በፊት አንድ መስመር ይላክ፦

— ክፉ ነገር የለም። «አልመጣም» ያልሽው አንቺ ነሽ ወይስ ዮናስ፣ አልገባኝም። ልደውል?
— 😂 ዮናስ ነው። ደውል